የተተከለ ደን፣ ከሥሩ የሚበቅለውና የሚይዘው ካርቦን፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

በየክረምቱ ችግኝ ይተከላል። ፎቶ ይነሣል፣ ቁጥር ይነገራል። ሐምሌ 22 ቀን 2011 ዓ.ም. በአንድ ቀን ብቻ ከ350 ሚሊዮን በላይ ችግኝ መተከሉን መንግሥት አስታውቆ ነበር። ችግኙ ጸድቆ ዛፍ ከሆነ በኋላ ስላለው 5፣ 10፣ 30 ዓመት ግን ወሬው ጭር ይላል። ከታች ያሉት ጥያቄዎች ስለዚያ ጊዜ ናቸው። መሬት ያላቸው ሰዎች ይጠይቋቸዋል፣ ተማሪዎች ይጠይቋቸዋል፣ «ባሕር ዛፍ የሚባል ሁሉ ይነቀል!» የሚሉ ወዳጆቼም ይጠይቋቸዋል።

ሰው ሠራሽ ደን የሚባለው የትኛው ነው?

ሰው ተክሎት ያደገው ነው። ባለሙያዎቹ ፕላንቴሽን ይሉታል። በአገራችን አብዛኛው ከውጭ በመጣ ዛፍ የተሸፈነ ነው፦ ባሕር ዛፍ፣ የፈረንጅ ጽድ፣ ፓቱላ፣ ግራቪሊያ፣ ዲከረንስ። በሐበሻ ጽድ ወይም በሌላ አገር በቀል ዛፍ የተተከለም አለ፤ ግን ጥቂት ነው።

ኢትዮጵያ በ2007 ዓ.ም. ባወጣችው ትርጉም፣ ደን ለመባል ቢያንስ ግማሽ ሄክታር ስፋት፣ 2 ሜትር ቁመትና 20 በመቶ የቅርንጫፍ ሽፋን ይበቃል። በዚህ መለኪያ የገበሬው የባሕር ዛፍ ማሳም ሆነ የባሌው ሐረና የተፈጥሮ ደን ሁለቱም «ደን» ናቸው። ካርታ ላይ አንድ ዓይነት አረንጓዴ ቀለም ይቀባሉ። ውስጣቸው የገባ ሰው ግን አያምታታቸውም።

የተተከለ ዛፍ ሥር ምንም አይበቅልም ይባላል። እውነት ነው?

አይደለም። ቢያንስ ሁልጊዜ አይደለም።

ወደ ሙኔሳ ሻሸመኔ ደን እንሂድ። እዚያ የተፈጥሮው ደንና የተተከለው ጎን ለጎን ናቸው። አንዱ ወገን ዝግባና ጥቁር እንጨት፣ ሌላው ወገን የፈረንጅ ጽድ፣ ፓቱላና ባሕር ዛፍ ነው። እ.ኤ.አ. በ2002 የታተመ ጥናት በተተከሉት ዛፎች ሥር ምን እንዳለ ቆጥሮ ነበር። ማንም ያልተከላቸው፣ ራሳቸው የበቀሉ ከ50 በላይ የአገር በቀል ዛፍና ቁጥቋጦ ዓይነቶች ተገኙ። ከአዲስ አበባ ቅርብ በሆነው በመናገሻ ሱባም ተመሳሳይ ነገር ታይቷል።

ከየት መጡ? እዚህ ላይ አንድ ነገር ማወቅ ያስፈልጋል። የደጋ ዛፎቻችን አብዛኞቹ ዘራቸውን አፈር ውስጥ ለረጅም ጊዜ አያስቀምጡም። አፈሩን ቆፍራችሁ ውስጡ ያለውን ዘር ብታበቅሉት፣ በብዛት የሚወጣው ሣርና አረም ነው። የዝግባ ዘር ለ10 ዓመት ተቀብሮ ተራውን አይጠብቅም። ስለዚህ በየጊዜው ከሌላ ቦታ መምጣት አለበት። የሚያመጡት ደግሞ ወፍ፣ ጦጣና ነፋስ ናቸው።

ወፍ ባዶ ሜዳ ላይ አያርፍም። ማረፊያ ይፈልጋል። የተተከለው ዛፍ፣ መጤም ቢሆን፣ ማረፊያ ይሆነዋል። የጥቁር እንጨት ፍሬ በልቶ ይመጣል፣ ቅርንጫፍ ላይ ይቀመጣል፣ የቀረውን እናንተው ገምቱት። ታች ያለው መሬት ጥላ አለው፣ ፀሐይ አያቃጥለውም፣ ውርጭም አይመታውም። ዘሩ ይበቅላል። ባለሙያዎች ይህንን የሞግዚትነት ሥራ ይሉታል፤ መጤው ዛፍ የሌላ ሰው ልጅ እንደሚያሳድግ ሞግዚት ነው።

አንድ ነገር ግን ልጨምር። በእነዚያ ጥናቶች የተቆጠረው አብዛኛው ለጋ ችግኝ እንጂ ዛፍ አይደለም። ከጉልበት የማይበልጥ ዝግባ ዛፍ የሚሆነው ሰው ከተወው ብቻ ነው። የጉልበት ሠራተኛ ለምንጣሮ ተልኮ «ከሥር ያለውን አጽዳ» ሲባል፣ አረሙን ከዝግባው አይለይም። ሁሉንም ያጸዳል። የ10 ዓመት የወፍ ልፋት በአንድ ጠዋት ገጀራ ያልቃል።

ከየትኛው ዛፍ ሥር የበለጠ ይበቅላል?

ቅርንጫፉ ብርሃን ከሚያሳልፈው ሥር። የፈረንጅ ጽድ ተጠጋግቶ ተተክሎ ካልሳሳ (ከመካከሉ የተወሰነው ተቆርጦ ካልወጣ)፣ ውስጡ ቀትር ላይ እንኳ ጨለምለም ይላል። መሬቱ ቡናማ ቅጠል ብቻ ነው፤ አንድ አረንጓዴ ነገር ለማየት ትቸገራላችሁ። ባሕር ዛፍ በተቃራኒው ቅጠሉ ወደ ታች የተንጠለጠለ፣ ብርሃን የሚያሳልፍ ነው። ስለዚህ በደንብ የተያዘና ዕድሜው የገፋ ባሕር ዛፍ ሥር ብዙ ጊዜ ከፈረንጅ ጽዱ የተሻለ ነገር ይገኛል። ይህን ስናገር የሚቆጣ ሰው አይጠፋም።

ከዛፉ ዓይነት እኩል የሚወስነው ግን ርቀት ነው። የተፈጥሮ ደን በአጠገቡ ካለ ይሞላል። ዙሪያው እርሻ ብቻ ከሆነ ዘሩን ማን ያምጣው?

እና ባሕር ዛፍ መሬት ያደርቃል፣ ሌላ አያስጠጋም የሚባለውስ?

እዚህ ላይ ቀስ ብለን እንሂድ፤ ነገሩ ብዙ ነው።

ባሕር ዛፍ በ1887 ዓ.ም. ገደማ፣ በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን ከአውስትራሊያ መጣ። በጊዜው የአዲስ አበባ ዙሪያ ለማገዶ ተጨፍጭፎ አልቆ ነበር። ንጉሡ ዋና ከተማውን ወደ አዲስ ዓለም ለማዛወር እስከማሰብ ደርሰው ነበር። ከተማዋ ባለችበት እንድትቀር ካደረጉት ነገሮች አንዱ ይህ ዛፍ ነው። ይህን ውለታውን ረስቶ መውቀስ ትንሽ ይከብደኛል።

ጥፋት የለበትም ማለቴ ግን አይደለም። ቶሎ የሚያድግ ዛፍ ብዙ ውኃ ይጠጣል። ምንጭ አጠገብና ረግረግ ውስጥ መተከል የለበትም። ቅጠሉ ውስጥ ያለው ቅባት አንዳንድ ዘሮች እንዳይበቅሉ ያደርጋል። ተጠጋግቶ ተተክሎ በየ5 ዓመቱ የሚቆረጥ ከሆነ ደግሞ ከሥሩ ብዙ አትጠብቁ።

ነገር ግን «እንጦጦ ላይ ባሕር ዛፍ ሥር መሬቱ ራቁቱን ነው» ሲባል፣ ያራቆተው ማነው ብሎ መጠየቅም አለ። ለብዙ አሥርት ዓመታት እንጨት ለቃሚ ሴቶች ቅጠሉን በመጥረጊያ እየጠረጉ፣ በጀርባቸው ተሸክመው ወደ ከተማ ሲወርዱ ኖረዋል። ምጣድ የሚያሰማው ያ ቅጠል ነበር። ሌላ መተዳደሪያ የሌለውን ሰው ስለዚህ ልወቅስ አልችልም። መሬቱ ላይ የሚሆነው ግን ግልጽ ነው። ቅጠል ካልቀረ ብስባሽ የለም። የዝናብ ጠብታ በቀጥታ አፈሩን ይመታዋል፣ ጎርፉ ያጥበዋል። የበቀለ ለጋ ችግኝም ከቅጠሉ ጋር አብሮ ይጠረጋል። ከዚያ ሁሉም ጥፋት ለዛፉ ይሰጣል።

በአጭሩ፦ ተጠጋግቶ የተተከለ፣ ቅጠሉ የሚጠረግ፣ በየ5 ዓመቱ የሚቆረጥ ባሕር ዛፍ አንድ ነገር ነው። ራቅ ራቅ ብሎ የቆመ፣ 20 ዓመት የሞላው፣ ቅጠሉ የተተወለት ባሕር ዛፍ ሌላ ነገር ነው። ስማቸው ብቻ አንድ ነው።

ዛፍ ካርቦን ይይዛል ሲባል ምን ማለት ነው?

ዛፉ ከአየር ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይወስዳል። ካርቦኑን እንጨት ያደርገዋል፣ ኦክስጅን ይለቅቃል። የደረቀ እንጨት ክብደት ግማሽ ያህሉ ካርቦን ነው። ስለዚህ ደርቆ 100 ኪሎ የሚመዝን ዛፍ 50 ኪሎ ገደማ ካርቦን አለው።

በካርቦንና በካርቦን ዳይኦክሳይድ መካከል ያለው ልዩነት ብዙ ሰው ያምታታል። 1 ቶን ካርቦን ማለት ከአየር የተወሰደ 3.67 ቶን ካርቦን ዳይኦክሳይድ ነው፤ ኦክስጅኑም ክብደት ስላለው። የ100 ኪሎው ዛፍ ስለዚህ 180 ኪሎ ያህል ከአየር ላይ ወስዷል። አንድ ሪፖርት «ይህን ያህል ቶን» ሲል የትኛውን እንደሚል ተመልከቱ። ቁጥሩ ወደ 4 እጥፍ ሊጠጋ ይችላል።

ካርቦኑ ደግሞ ግንድ ውስጥ ብቻ አይደለም። ሥር አለ፣ የረገፈ ቅጠል አለ፣ የወደቀ እንጨት አለ፣ ከሁሉም በላይ አፈር አለ። በደጋችን ብዙ ቦታ አፈሩ የያዘው በላዩ ከቆመው ዛፍ አያንስም። የማይታይ ስለሆነ ግን ይረሳል።

ታዲያ ቶሎ የሚያድግ ዛፍ የበለጠ ካርቦን ይይዛል?

ደመወዝና ቁጠባን ለይታችሁ አስቡ። ባሕር ዛፍ ደመወዙ ትልቅ ነው። በዓመት የሚያስገባው ካርቦን ከዝግባ በብዙ ይበልጣል። ግን በየ6 ዓመቱ ሁሉንም አውጥቶ ይጨርሳል፤ ይቆረጣል። አሮጌ የዝግባ ደን ደመወዙ ትንሽ ነው፣ የባንክ ደብተሩ ግን ወፍራም ነው። ሁለት ሦስት መቶ ዓመት ያጠራቀመው አለ።

በየ6 ዓመቱ የሚቆረጥ ማሳ በመቁረጫው ዋዜማ ብትለኩት ብዙ ያሳያል። በማግሥቱ ብትለኩት ጉቶ ብቻ ነው። በዓመታቱ መካከል ያለው አማካይ በዋዜማው ከተለካው ግማሽ ወይም ከዚያ በታች ነው። ሐቀኛው ቁጥር ይህ አማካይ ነው። በዋዜማው የተለካውን ብቻ የሚነግራችሁ ሰው ካለ ጠርጥሩት።

ባሕር ዛፍ አንድ ጥሩ ነገር አለው፤ ከጉቶው ያቆጠቁጣል። ሥሩ አይሞትም፣ መሬቱም እንደገና አይታረስም። ከመሬት በታች ያለው ካርቦን በአብዛኛው ባለበት ይቀራል። መቁረጫውን ከ5 ዓመት ወደ 10 ማራዘም ከቻላችሁ ደግሞ አማካዩ ከፍ ይላል፣ ከሥር ያሉትም ዕፅዋት ጊዜ ያገኛሉ። ለአንዴ እንኳ ሁለቱም አብረው ይጠቀማሉ።

የእንጨቱ ክብደትም ይቆጠራል። የወይራ ግንድና የፈረንጅ ጽድ ግንድ መጠናቸው እኩል ቢሆን፣ ወይራው እጥፍ ገደማ ይመዝናል፤ ካርቦኑም እንደዚያው። ወይራን ጠርቦ የሚያውቅ ሰው ይህን ማብራራት አያስፈልገውም።

ማሳሳት ካርቦኑን አይቀንሰውም?

በዚያን ቀን ይቀንሰዋል። በ2.5 ሜትር ልዩነት የተተከለ የፈረንጅ ጽድ በሄክታር 1,600 ችግኝ ነው። ከመካከሉ የተወሰነው ሲወጣ የቆመው እንጨት ያንሳል። የቀሩት ግን ይወፍራሉ፤ ጣውላ የሚሆኑት እነሱ ናቸው። ወለሉ ላይ ብርሃን ይገባል። ዝም ብሎ የተቀመጠ የዝግባ ችግኝ ሽቅብ መሄድ ይጀምራል።

እውነቱን ለመናገር፣ ለአጭር ጊዜ ካርቦን ብቻ የሚያስብ ሰው ባያሳሳ ይሻለው ይሆናል። ያልሳሳ ደን በጠቅላላው ብዙ እንጨት ያቆማል። ግን ዛፎቹ ቀጫጮች ናቸው። ነፋስ ይጥላቸዋል፣ እሳት ከተነሣ ይያያዛሉ፣ ተባይ ከአንዱ ወደ ሌላው ይዘላል። እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹና በ1990ዎቹ በምሥራቅ አፍሪካ የተዛመተው የጽድ አፊድ የሚባል ትንሽ ተባይ የፈረንጅ ጽድን እንዴት እንዳደረቀ ያየ ሰው፣ ካርቦኑን ሁሉ በአንድ ዓይነት ዛፍ ላይ አያስቀምጥም።

በአንድ ጊዜ አብዝቶ መቁረጥም ጥሩ አይደለም። ብርሃኑ በድንገት ሲጎርፍ መጀመሪያ የሚነሣው ሣርና አረም፣ ሐረግና እሾህ ነው። ችግኙን ይውጡታል። ትንሽ ትንሽ እያሉ በየጥቂት ዓመቱ መመለስ ይሻላል።

የተቆረጠው እንጨት ካርቦን የት ይሄዳል?

እንደሚሄድበት ቦታ ነው። ጣውላ ሆኖ በር ከሆነ፣ ካርቦኑ በሩ እስካለ ድረስ አለ። አጣና ሆኖ ለሕንፃ መወጣጫ ከዋለ ጥቂት ዓመት ያገለግላል፣ ከዚያ ማገዶ ይሆናል። ከሰል ከሆነ በዚያው ወር ወደ አየር ይመለሳል። በባህላዊው መንገድ አፈር ተጭኖበት ሲከሰል ደግሞ ብክነቱ ከባድ ነው፤ ከ100 ኪሎ ደረቅ እንጨት የሚገኘው ከሰል ከ20 ኪሎ ብዙም አይዘልም።

ስለዚህ ለማገዶ መትከል ዋጋ የለውም? አለው። ያ ማገዶ ከተተከለ ዛፍ ካልመጣ ከወይራና ከግራር ይመጣል። ሰው ቡናውን ማፍላቱን አይተውም። የተተከለው ዛፍ ራሱ ብዙ ካርቦን ባይዝም፣ ሌላው ጋ ያለውን ያስጥላል። ይህን ጥቅም በቁጥር ማስቀመጥ ግን ይከብዳል፤ የተፈጥሮው ደን በትክክል ካልተጠበቀ ሁለቱም አብረው ይቆረጣሉና።

አፈር ውስጥ ያለውስ?

ወሳኙ ጥያቄ «ከዚህ በፊት ምን ነበረ?» የሚለው ነው። ለዘመናት ሲታረስ የኖረና የተጎሳቆለ መሬት ላይ ዛፍ ከተተከለ፣ የአፈሩ ካርቦን ከዓመታት በኋላ ከፍ ይላል። የተፈጥሮ ደን መንጥሮ መትከል ግን በየትኛውም ሂሳብ ኪሳራ ነው። ካርቦኑም ዕፅዋቱም ይሄዳሉ። ጥሩ የግጦሽ ሣር ያለበት መሬት አከራካሪ ነው፤ ሣሩ በሥሩ ብዙ ካርቦን አስቀምጧል፣ አርሶ መትከል ያንን ይበትነዋል። ረግረግ አድርቆ መትከል ጨርሶ አይታሰብ።

መሬቱን ሙሉ በሙሉ ከማረስ ጉድጓድ ብቻ መቆፈር፣ ከቆረጡ በኋላም ቅርንጫፉንና ቅጠሉን አለማቃጠል ብዙ ያተርፋል።

አዊ ዞን ያለው የዲከረንስ ጉዳይ እንዴት ይታያል?

ፋግታ ለኮማንና አካባቢውን ያየ ሰው ይገረማል። አፈሩ አሲዳማ ሆኖ ምርት የከለከላቸው ገበሬዎች፣ ዲከረንስ የሚባለውን የግራር ዘመድ ከጤፍ ጋር መትከል ጀመሩ። በመጀመሪያው ዓመት በችግኞቹ መካከል ጤፍ ይዘራል። ቀጥሎ ሣር ለከብት ይታጨዳል። በ4 ወይም በ5 ዓመት ዛፉ ተቆርጦ ከሰል ይሆናል፣ ከሰሉ ወደ አዲስ አበባ ይጫናል፣ መሬቱ እንደገና ጤፍ ይዘራበታል። ዛፉ ናይትሮጅን ለአፈሩ ስለሚሰጥ ጤፉም ይሻሻላል። ማንም ፕሮጀክት አዝዟቸው አይደለም፤ ራሳቸው አስልተው የገቡበት ነው። ብዙ ሰው ቤቱን በቆርቆሮ የከደነው በዚህ ነው።

እንደ ካርቦን ካየነው ግን ብዙ አይጠራቀምም፤ በየ5 ዓመቱ ይቃጠላል። እንደ ዕፅዋት ስብጥርም ያው፤ አንድ የብሳና ችግኝ በቅሎ ራሱን ሳይችል መሬቱ ይታረሳል። ቀድሞ ራቁቱን ከነበረ ኮረብታ ጋር ካወዳደርነው ግን ይሻላል። ከምን ጋር ታወዳድራለህ የሚለው መልሱን ይለውጠዋል።

ያስፈራው ነገር በቅርብ ዓመታት መጣ። ዝገት የሚመስል የፈንገስ በሽታ ዛፎቹን አጠቃ። ሄክታር በሄክታር አንድ ዓይነት ዛፍ፣ ያውም ተመሳሳይ ዕድሜ ያለው። በሽታው የሚያስቆመው አጥር አልነበረም። ዘላቂ ዘዴ ሲፈልጉ ብዙዎቹ ፊታቸውን ወደ ሌላ ዛፍ አዙረዋል። ሌላው ዛፍም ብቻውን ከተተከለ ታሪኩ ይደገማል ብዬ እፈራለሁ።

አገር በቀል ብቻ ብንተክልስ?

ሐሳቡ ጥሩ ነው፤ አፈጻጸሙ ላይ ይሰናከላል። ዝግባን ወስዳችሁ ገላጣ ኮረብታ ላይ ብትተክሉት ፀሐይና ውርጭ ይጨርሱታል። ልጅነቱን በጥላ ማሳለፍ የለመደ ዛፍ ነው።  ጽድ ደግሞ ተቃራኒው፤ ብርሃን ይወዳል፣ በራሱ ጥላ ሥር እንኳ በደንብ አይተካም። ግራር፣ ዋንዛ፣ ብሳና ፀሐይን ይችላሉ። ስለዚህ በተራ ነው፤ ፀሐይ የሚችሉት ይቅደሙ፣ ጥላ ፈላጊዎቹ ከ5 ወይም ከ10 ዓመት በኋላ ከሥራቸው ይግቡ።

ሌላም አለ። አንድ ሄክታር ሙሉ ጽድ ብቻ መትከል፣ አገር በቀል ቢሆንም፣ ያው አንድ ዓይነት ዛፍ ነው። በዓለም ዙሪያ የተደረጉ ጥናቶች አንድ ላይ ሲታዩ፣ የተቀላቀለ ተከላ በአማካይ ከአንድ ዓይነት ተከላ የበለጠ ካርቦን ይይዛል። አንዱ ሥሩን ወደ ታች ይሰዳል፣ ሌላው ከላይ ይዘረጋል፣ አንዱ ናይትሮጅን ያመጣል። ነገሩ ካልገባው ሰው ጋር ስከራከር የማነሣው ምሳሌ የእናቶቻችን ጓሮ ነው፦ እንሰት፣ ቡና፣ ዋንዛ፣ ጎመን በአንድ መሬት።

ሳይተከልም ደን ይመለሳል?

ይመለሳል! ሁምቦ ሂዱና እዩ። ወላይታ ውስጥ፣ ተራራው ለከሰልና ለማገዶ ተጨፍጭፎ የተራቆተ ነበር። ከመሬት በታች ግን የተቆረጡት ዛፎች ሥር አልሞተም ነበር። በየዓመቱ ያቆጠቁጣል፣ ፍየል ትበላዋለች ወይም ሰው ይቆርጠዋል። ሥራው 2,728 ሄክታር መሬት ከሰውና ከእንስሳት ንክኪ ነፃ አድርጎ፣ ከየጉቶው ጠንካራውን ቡቃያ መርጦ ሌላውን መግረዝ ነበር። ከ90 በመቶ በላይ የሚሆነው የተመለሰው በዚህ ነው፤ ችግኝ የተተከለው በጥቂት ቦታ ብቻ ነው።

በ2002 ዓ.ም. በተባበሩት መንግሥታት የንጹሕ ልማት አሠራር (ካርቦን የሚቀንሱ ሥራዎች ተመዝግበው ክፍያ በሚያገኙበት ሥርዓት) ተመዝግቦ፣ በአፍሪካ የመጀመሪያው ትልቅ የደን ካርቦን ፕሮጀክት ሆነ። ወርልድ ቪዥን የተባለው የረድኤት ድርጅት ያስተባበረው ሲሆን፣ በዓለም ባንክ የሚተዳደረው የባዮ ካርቦን ፈንድ 165,000 ቶን ካርቦን ዳይኦክሳይድ ለመግዛት ተዋውሎ ነበር። ገንዘቡ ይገባ የነበረው ለአካባቢው ሰዎች የኅብረት ሥራ ማኅበራት ነው።

ከችግኝ ይልቅ ጉቶ ርካሽ ነው፤ ጸደቀ አልጸደቀ የለበትም፣ ሥሩ ቀድሞውኑ አለ። የተመለሰው ደግሞ የአካባቢው የራሱ ዛፍ ነው። ሥርና ዘር ሙሉ በሙሉ ያለቀበት መሬት ላይ ግን አይሠራም። ከመትከላችሁ በፊት አንድ ክረምት አጥራችሁ ምን እንደሚወጣ ተመልከቱ።

በአካባቢዬ የተፈጥሮ ደን የለም። ዘር ከየት ይምጣ?

ደብሩን ተመልከቱ። በጎጃምና በደቡብ ጎንደር ከአየር ስታዩ፣ በእርሻ ባሕር መካከል ያሉት ክብ ክብ አረንጓዴዎች የቤተ ክርስቲያን ደኖች ናቸው። ወይራው፣ ጽዱ፣ ዝግባው እዚያ ተርፏል። ደቡብ ጎንደር ውስጥ አንዳንዶቹ የድንጋይ ካብ ተሠርቶላቸው ከብት ሲከለከል፣ ከሥር ችግኝ ማየት ተጀምሯል። በአጠገባችሁ እንዲህ ያለ ደብር ካለ፣ በደብሩና በመሬታችሁ መካከል ጥቂት ፍሬ የሚሰጡ ዛፎች በየቦታው መትከል ለወፎቹ መሸጋገሪያ ይሆናል።

ከብት ይግባበት?

ከሥር ችግኝ ከፈለጋችሁ አይግባ፤ ፍየል በፍጹም። ሣሩን አጭዳችሁ ውሰዱ። በበጋ የደረቀ ሣር እሳት ስለሚጋብዝ ማጨዱ ሁለት ጥቅም አለው።

ግማሽ ሄክታር ባሕር ዛፍ አለኝ። ከካርቦን ገንዘብ አገኛለሁ?

ብቻችሁን አታገኙም። መለካቱና ማስመስከሩ ከገቢው ይበልጣል፤ ለረጅም ዓመት ላለመቁረጥም መፈረም አለ። የሚቻለው እንደ ሁምቦ በማኅበር፣ ብዙ መሬት ሲሰበሰብ ነው። «አስቀድማችሁ ለምዝገባ ክፈሉ» የሚል ደላላ ከመጣ ቡና ጋብዛችሁ ሸኙት።

ዛፎቼ ደርሰዋል። ከሥር የበቀለውን ሳልጨርስ እንዴት ልቁረጥ?

ከመቁረጡ በፊት ባለው ሳምንት ውስጡን ዙሩ። ከወገብ በላይ የደረሰውን ዝግባ፣ ጥቁር እንጨት፣ ኮሶ፣ ወይራ ሁሉ ቀይ ቀለም ቀቡት ወይም ጨርቅ እሰሩበት። ሁሉንም በአንድ ዓመት አትቁረጡ፤ ማሳውን በሦስት ወይም በአራት ከፍላችሁ በየዓመቱ አንዱን ውሰዱ፣ ከሥር ያለው በድንገት ለፀሐይ እንዳይጋለጥ። በበጋ ይሁን፤ መሬቱ ሲደርቅ ጉዳቱ ያንሳል። ዛፉ የሚወድቅበት አቅጣጫ ችግኝ ወደሌለበት ይሁን። ግንዱ የሚጎተትበት መንገድ አንድ ብቻ ይሁን፤ ሠራተኞቹ አቋራጭ ይወዳሉ፣ ሁለት ቀን ከጠፋችሁ አምስት መንገድ ታገኛላችሁ። ቅርንጫፉን አታቃጥሉ፣ በችግኙ ዙሪያ በግማሽ ክብ ከምሩት፤ ለጋውን ከከብት ይከልላል።

ከቆራጮቹ ጋር ስትዋዋሉም ዋጋ ብቻ አትነጋገሩ። ቀለም የተቀባ ችግኝ ከተሰበረ ከክፍያው ስንት እንደሚቀነስ መጀመሪያውኑ ይታወቅ። እኔ ያየሁት ይህ ብቻ ነው ገጀራውን የሚያዘገየው።